ከበር የተመለሰ እንስራ

ዚነት የባሏን ቀኝ እጅ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በመርፌ ጫፍ ከጥፍሩ ሥር ጭቃ ታወጣለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ የቆቦ ፀሐይ ግን ከአሁኑ የግቢውን ቆርቆሮ ማጋል ጀምራለች። አጠገቧ ለሁለት የተገመሰ ሎሚ፣ የልብስ ሳሙናና በጆግ የተቀዳ ውሃ አለ። መርፌው ሥጋ ሲነካው መምህር በድረዲን እጁን ይሰበስባል፣ እሷ መልሳ ትጎትተዋለች። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ጥፍር ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ተማሪዎቹን እጅ እያስዘረጋ፣ ጥፍሩ የቆሸሸውን ወደ ቤቱ ይመልስ ነበር። አሁን በስልሳ ሁለት ዓመቱ የራሱ እጅ ተዘርግቷል። ዚነት አትቆጣም፣ አትስቅም። የእሱን ፊት ሳታይ፣ ለመርፌው የምትነግር ይመስል ዝቅ ባለ ድምፅ ታወራለች። «ጓሮ ሽንኩርት ይተክላል እንላለን። የመሬት ሥራ ነው እንላለን። ማን ይጠይቃል ደግሞ የሰው ጥፍር።»

ዛሬ ከዋጃ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ልጃቸውን ነሲባን ለሚጠይቀው ልጅ ሦስት ሰው ተልኳል፤ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳሉ ተብሏል። ዚነት ሳምንቱን ሙሉ አልተቀመጠችም። ሳሎኑ ተቀብቷል፣ አዲስ መጋረጃ ተሰቅሏል፣ ከጎረቤት ስድስት ወንበር ተውሳለች። ፍየሏን ትናንት ዘጠኝ ሺህ ብር ሲሏት ገበያው መሃል ቆማ «ወላሂ ባለፈው ዓመት ሁለቱን ነበር በዚህ የምገዛው» ብላ፣ መልሳ ግን ገዝታለች። የቀረው የባሏ እጅ ነው። እሱን ደግሞ እንደ ግድግዳው ቀለም ቀብታ ልትሸፍነው አልቻለችም።

እጁ ተፈትጎ ሲያልቅ በድረዲን ሊታጠብ ወደ ኩሽናው በኩል ዞረ። ነሲባ ውስጥ ሆና ስልክ እያወራች ነበር። ከተማው መሃል መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ዛሬ ፈቃድ ወስዳለች። ድምፅዋ ሁልጊዜ ከልጁ ጋር ስታወራ እንደምትሆነው ለስልሶ ነበር። «አባቴ? ጡረታ ወጥቷል አላልኩህም?» አለች። የሚላትን ሰማችና ሳቅ አለች። «ምንም አይሠራም። ቤት ነው የሚውለው።»

በድረዲን ቧንቧውን ከፍቶ መታጠቡን ረሳው። ጡረታ በወጣ በመጀመሪያው ዓመት ይህን ብትል እውነት ነበር። ያኔ ምንም አይሠራም ነበር። ጠዋት በልማዱ ሸሚዙን ተኩሶ ይለብስና የሚሄድበት ያጣል። ሻይ ቤት ተቀምጦ የሰው ጋዜጣ ያነባል፣ እቤት ሲመለስ ዚነትን ጨው አበዛሽ፣ በር አልዘጋሽም እያለ ይነዘንዛታል። ኋላ ስኳር ተገኘበትና ሐኪም በእግር ሂድ አለው። በዚያ ምክንያት ነው አንድ ጠዋት ከከተማው ዳር፣ ከደረቁ ወንዝ ወዲያ፣ ግራር ሥር የሚሠሩትን ሸክላ ሠሪዎች ቆሞ ያየው። ውዱ የምትባለዋ ሴት ጭቃውን እንደ ገመድ እያድቦለቦለች፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየጠመጠመች ሆድ ስታወጣለት፣ አንገት ስትሰጠው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከቆመበት አልተነቃነቀም። በሦስተኛው ቀን «እትዬ፣ ልንካው?» አለ። እንዲህ ዓመት ሞላው። አፈር ይቆፍራል፣ አሮጌ ገል ወቅጦ ይነፋል፣ ከአፈሩ ጋር ያቦካል። በዕድሜው እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝቶ አያውቅም። እሷን «መምህሬ» ይላታል፣ እሷ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። የሠራቸው አራት እንስራዎች በሙሉ እሳት ውስጥ ፈነዱ። አምስተኛው ትናንት እሳት ገብቶ ነበር፤ በሽማግሌዎቹ ምክንያት ግን ሄዶ ሊያይ አልቻለም። ሌሊቱን ከልጁ ጉዳይ ይልቅ ያን እንስራ ነበር ሲያስብ ያደረው። ይህንንም ለማንም አልተናገረም። በቆቦ ከሸክላ ሠሪ ጋር አይጋቡም፣ አብረው አይበሉም፤ ዓይናቸው ይወጋል ይባላል። እሱ በንግግር ይህን አያምንም። ለተማሪዎቹም ኋላ ቀርነት ነው እያለ አስተምሯል። ሆኖም ወደ ግራሩ ሲሄድ በዋናው መንገድ ሳይሆን በማሽላው መሃል ነው የሚሄደው።

ሽማግሌዎቹ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። መሪያቸው ሐጂ አራጌ ዋጃ ላይ እህል ሲነግዱ የኖሩ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ደግ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ጋር የመጡት ሁለቱ ሐጂ ሲናገሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያጅባሉ። ጫማቸውን ደጃፍ ላይ ደርድረው ገቡ። የመንገዱን ሙቀት፣ የዝናቡን መዘግየት፣ የሽንኩርት ዋጋ መውደቅ አንድ በአንድ አወሩ። ዱዓ ተደረገ። ዚነት በትልቁ ትሪ ሥጋውን አቀረበች። ሐጂ «ቢስሚላህ» ብለው ከቆረሱ በኋላ፣ ሁለተኛውን ጉርሻ ሳያነሱ፣ የመጡበትን ነገር ጀመሩ። ልጁ ጠባየኛ ነው፣ መኪና አለው፣ ሶላቱን አያጓድልም። «እናንተንም ጠይቀናል» አሉ ፈገግ ብለው። «ይህን መደበቅ ነውር ነው፤ ሰው ሰውን ሳይጠይቅ አይጋባም። እስከ ሰባት ቤት ጠየቅን። አልሐምዱሊላህ፣ የጠራ አጥንት ነው። በዚያ ላይ የመምህር ቤት። ስምህን ያልጠራልን ሰው የለም።» በድረዲን ራሱን ዝቅ አድርጎ አመሰገነ። እጆቹን ሳያስበው ከትሪው ሥር አድርጓቸው ነበር።

የግቢው በር ለእንግዳ ክብር ክፍት ነው። «ቤቶች!» የሚል የሴት ድምፅ ከውጭ ሲሰማ በድረዲን ድምፁን ለየው። ውዱ ቤቱ መጥታ አታውቅም። በመስኮቱ ሲያይ በሩ ላይ ቆማለች፣ ወገቧ ጎበጥ ብሏል። በነጠላ አስራ ያዘለችው እንስራ ከትከሻዋ በላይ ይታያል። ከእሳት የወጣ አዲስ ቀይ ነው፤ አንገቱ ላይ እሱ ራሱ በማሽላ አገዳ የወጋቸው ሁለት መስመር ነጠብጣቦች አሉበት። አልፈነዳም። ይህን ባየበት ቅጽበት ደረቱ ውስጥ የተሰማው ደስታ ነበር፤ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሲያስታውሰው የሚያመው ይሄ ነው። መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር። ከዚያ ዚነትን አየ። የውሃ ጆጉን እንደያዘች ቆማ፣ በዓይኗ ትለምነዋለች።

ተነሥቶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያደርግ፣ በፍጥነት ወደ በሩ ሄደ። ውዱ ስታየው ፊቷ ፈካ። «መምህር! ወጣ እኮ! አንድም ስንጥቅ ሳይ…»

«አንቺ ሴትዮ!» አለ። ድምፁን ለሳሎኑ እንዲሰማ ከፍ አድርጎ ነው ያለው። «ዛሬ አንገዛም። እንግዳ አለብን፣ አይታይሽም?»

ዓመት ሙሉ አንቱ ብሏት ነበር። የውዱ ዓይኖች ከእሱ ወርደው ባዶ እግሩን፣ ከእግሩ ኋላ ደጃፉ ላይ የተደረደሩትን ሦስት ጥንድ ጫማዎች አዩ። ገባት። ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጠበቀችና «እሺ ጌታው፣ ለሌላ ጊዜ ያድርገው» አለች፤ ልክ ቤት ለቤት እየዞረች እንደምትሸጥ ሴት አድርጋ፣ እሷም ለሳሎኑ እንዲሰማ። ዞራ ሄደች። ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር፤ እስከ ግራሩ ድረስ የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው።

ሲመለስ ሐጂ አራጌ በእርጋታ «ምግቡን ክደኑት እንጂ፣ የኔ ልጅ» ይሏታል ዚነትን። በክፋት አልነበረም፤ ዝንብ መጣ እንደሚባለው ነው ያሉት። ዚነት ትሪውን በፍጥነት በሰፌድ ሸፈነች። ሐጂ አንድ ታሪክ አወሩ። ልጅ ሳሉ አንዲት ሸክላ ሠሪ ገንቦ ልትሸጥ መጥታ የአባታቸውን በቅሎ አድንቃ ብትሄድ፣ በቅሎዋ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳቁ፣ አንዱ የራሱን ጨመረ። ሐጂም «መምህር እንኳ የተማረ ነው፣ በዚህ አያምንም ይሆናል» ብለው ወደ በድረዲን በፈገግታ ዞሩ። መልስ የሚጠብቁ ጨዋ ዓይኖች ነበሩ። በድረዲን የወንበሩን ጫፍ በእጁ ይዞ «እንግዲህ… ሰው የኖረበት ነገር ነው» አለ። ከኩሽናው በር መጋረጃ ሥር የነሲባ እግሮች ይታዩ ነበር። የኒካሁ ቀን ለሦስት ወር ተቆረጠ፣ ፋቲሃ ተደረገ፣ ዚነት ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

እንግዶቹ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እንደተሸኙ በድረዲን ጫማውን አድርጎ ወጣ። ዚነት የት ትሄዳለህ አላለችውም፤ ብርጭቆ ታጥባለች፣ ውሃው ከወትሮው በላይ ይጮሃል። በዚህ ጊዜ ሳያስበው በዋናው መንገድ ሄደ። የሚለውን እየመረጠ፣ እንደ ትምህርት ዝግጅት በቅደም ተከተል እያስቀመጠ ተጓዘ። የልጅ ነገር መሆኑን፣ የአካባቢው ኋላ ቀርነት ያስገደደው መሆኑን፣ እሱ በልቡ ምን ያህል እንደሚያከብራት ይነግራታል። ግራሩ ሥር ሲደርስ ውዱ ብቻዋን ተቀምጣ ጭቃ ታቦካለች። እንስራው የለም።

«በጊዜ መጡ» አለች፣ ቀና ሳትል። ከቀሚሷ ጫፍ ላይ የቋጠረችውን ፈትታ ሦስት የመቶ ብር ኖት ዘረጋችለት። «መንገድ ላይ አንድ የጭነት ሹፌር አቁሞ ወሰደው። ውሃ ሊያቀዘቅዝበት ነው። እንዲህ ያለ ሸጋ አላየሁም ብሏል።»

ብሩን አልተቀበለም፤ መሬት ላይ፣ ድንጋይ ሥር አደረገችለት። ስልሳ ሁለት ዓመት ኖሮ ከራሱ እጅ ወጥቶ ሰው የወደደው የመጀመሪያ ነገር ነው፤ በመኪና ተጭኖ ሄዷል፣ ምናልባት አሁን ወልድያን አልፏል። «ማን ሠራው አላለም?» ሲል ራሱን ሰማው፣ ወዲያውም አፈረ።

«ሸክላ ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሰምተው ያውቃሉ?» አለች ውዱ።

በድረዲን ጎንበስ አለ። መንገድ ላይ ያዘጋጀው ቅደም ተከተል ጠፍቶበታል። «እትዬ ውዱ፣ ይቅር በሉኝ» አለ ብቻ።

እጇን ከጭቃው አወጣች። «ለየቱ?» አለችው።

አልገባውም። ነገሩን የምታቀልለት መስሎት ስለ በሩ፣ ስለ አፉ አነጋገር ሊጀምር ሲል እጇን አወዛወዘች። «የዛሬውን ተዉት። ጫማዎቹን አይቻለሁ። የሴት ልጅ አባት ነዎት፣ እኔም ሳልጠራ መጣሁ። ፀዲን አያስታውሷትም?» ፀዲ ልጇ ናት። አምስተኛ ክፍል እያለች ሒሳብ ያስተማራት እሱ ነበር። አብረዋት የሚቀመጡ ልጆች ወላጆች ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ልጆቻችን ከእሷ ጋር አይቀመጡም ብለው ሲያስቸግሩ፣ እሱ ለፀዲ ብቻዋን ወንበር አመጣላት፣ በሩ አጠገብ። ውዱ ይህን ስትናገር ድምፅዋ አልተለወጠም። እስከ ገና ድረስ እዚያ ተቀመጠች፤ ከገና በኋላ አልሄድም አለች። «ገረፍኳት» አለች ውዱ። «ገርፌ ሰደድኳት። ማታ ስትመለስ ደብተሯን ወንዙ ውስጥ ጥላው መጣች።»

የልጅቷ ፊት ሊመጣለት አልቻለም። ወንበሩ ግን መጣለት። አንድ እግሩ የተሰበረና በሽቦ የታሰረ ወንበር ነበር። ያን ቀን ጸጥታ በማስፈኑ ርዕሰ መምህሩ አመስግኖታል፤ እሱም በሩ አጠገብ ነፋስ ያገኛታል ብሎ ለራሱ ነግሮት እንደነበር አሁን ትዝ አለው። ያንኑ ዓመት ስለ ኋላ ቀር ልማዶች ሰልፍ ላይ ንግግር አድርጓል። አጠገቡ ያለውን የጭቃ ጓል አንስቶ ያለ ምክንያት ይጨምቅ ጀመር።

«ይህን እያወቁ ታዲያ ለምን አስተማሩኝ?» አለ በመጨረሻ።

ውዱ እጇ ላይ የቀረውን ጭቃ ጠረገች። «መጀመሪያ ልይዎ ብዬ ነው። ያስታውስ ይሆን፣ አፍሮ ይሆን የመጣው ብዬ። ኋላ እንዳላስታወሱ ገባኝና ላባርርዎ ነበር። ግን እጅዎ ጭቃው ላይ ሲያርፍ አየሁ። እኛ ስለሚያበላን ነው የምንነካው፤ ወዶት የሚነካው ሰው አይቼ አላውቅም። እሱን ሳይ ተውኩት።» ተመልሳ ወደ ማቡካቷ ዞረች። «ይቅርታ ካሉ ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ ነው። ሮቢት ከተማ ነው ያለችው። ሻይ ቤት አላት ይላሉ።»

«ይላሉ? እርስዎ አላዩትም?»

«እኔ እዚያ አልሄድም» አለች።

ሚኒባሱ ሲሞላ ዐሥር ሰዓት አልፎ ነበር። በድረዲን መስኮት ጥግ ተቀምጦ፣ ግራና ቀኝ ዝናብ ያነሰው ማሽላ ቅጠሉን ጠቅልሎ ሲያልፍ አየ። ሮቢት ላይ አንድ የጎማ ጠጋኝ ጠየቀ፤ የፀዲን ሻይ ቤት የማያውቅ የለም። መንገዱ ዳር ናት፤ ግድግዳዋ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ አራት ጠረጴዛና አንድ ማቀዝቀዣ ያላት ንጹህ ቤት። ሻይ ዐሥራ አምስት ብር፣ በቅመም ሃያ ብር የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሰባት ስምንት ሰው ተቀምጧል፤ ሹፌሮች፣ የሽንኩርት ነጋዴዎች። ነጭ ሽርጥ የታጠቀች፣ ሠላሳውን ያለፈች ሴት ብርጭቆ እያደለች መጥታ ፊቱ ቆመች። እሱ አላወቃትም። እሷ ግን ብርጭቆው እጇ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች።

«መምህር» አለች።

«ፀዲ…» ብድግ አለ። «እናትሽ ዘንድ…»

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መዳፏን ከአጠገቡ አሳረፈች፣ በጣም በቀስታ። ጎንበስ ብላ ጠረጴዛውን የምትጠርግ መሰለች። «ቀስ ይበሉ። እዚህ የአላማጣ ልጅ ነኝ» አለች በሹክሹክታ። «ባሌም እንደዚያ ነው የሚያውቀው። እናቴ ሞታለች ብዬዋለሁ።» ጨርቁን አጠፈች፣ መልሳ ዘረጋች። «ሊሉ የመጡትን አውቄዋለሁ። አይበሉት። የሚሰማው ሰው ብዙ ነው።» ከዚያ ቀና አለች፣ ፊቷን ሙሉ በሙሉ ለወጠች፣ ወደ ደንበኞቿ ዞራ ጮክ አለች። «የድሮ አስተማሪዬ ናቸው! ሒሳብ ያስተማሩኝ!»

ሰዎቹ ሁሉ ከወንበራቸው ተነሡ። አንዱ ሹፌር ባርኔጣውን አውልቆ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጠው። ሽማግሌ ነጋዴ ቦታውን ለቅቆ «ወዲህ፣ ጥላው ጋ ይሁኑ» አለው። ሻዩን ማን እንደሚከፍልለት ተከራከሩ። በድረዲን የሚያቃጥለውን ሻይ በሦስት ጉንጭ ጨረሰው፤ አፉ ተልጦ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ሰዎቹም ተማሪውን አግኝቶ ደስ ብሎት ነው አሉ። ፀዲ እስከ መኪናው ሸኘችው። ረዳቱ «ቆቦ! ቆቦ!» እያለ ሲጣራ፣ የሽርጧን ጫፍ እያፍተለተለች ቆመች። «ወገቧን ያማት ነበር» አለች። «አሁንም ያማታል?» እንስራ አዝላ ስትመለስ ያየው የውዱ ጀርባ መጣበት። «ያማታል» አላት፤ ልጅቷ ራሷን ነቅንቃ ገባች።

እቤት ሲደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። የተዋሱት ወንበሮች ደጃፉ ላይ ተደርድረው፣ እናትና ልጅ ሳሎን ውስጥ የልብስ ዝርዝር ያወራሉ። ሳይቀመጥ ነገራቸው። ስለ እንስራው፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ልጅቷ ሁሉንም ተናገረ፤ የፀዲን ስምና ቦታዋን ብቻ ተወ። ለሐጂ ደውሎ ራሱ እንደሚነግራቸውም አከለ። ዚነት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሦስት ወር ብቻ» አለች። «ሰርጉ እስኪያልፍ ሦስት ወር። ከዚያ እንደ ፈለግህ። የልጅህን ዕድል…» አልጨረሰችም።

ነሲባ ቀና አለች። «ያቺን ሴትዮ ለኔ ብለህ ነው ያባረርካት?» አለችው።

በድረዲን ወደ ዚነት ዞረ።

«ለኔ ብለህ አልነበረም፣ አባዬ። እኔ ኩሽና ነበርኩ፣ ማንም አልጠየቀኝም። አንተ ነህ ያፈርከው። እኔም አፍሬአለሁ። ጠዋት ምንም አይሠራም ብዬዋለሁ፣ እንዳለቅስ አታድርገኝ አሁን። ደውል ካልክ ደውል።» ተነሥታ ወደ ክፍሏ ሄደች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም።

ሐጂ አራጌ ስልኩን ሲያነሱ ዋጃ ቤታቸው ሆነው የመግሪብ ውዱእ እያደረጉ ነበር። በድረዲን ቆሞ ተናገረ። በር ላይ የመለሳት ሴት አስተማሪው መሆኗን፣ ዓመት ሙሉ ከእሷ ጋር ሸክላ እንደሚሠራ፣ የዛሬው እንስራ የራሱ እንደነበር፣ ነገ ገበያ ሸክላ ተራ ከእሷ ጎን እንደሚቀመጥ ነገራቸው። የሚንጠባጠብ ውሃ ይሰማው ነበር። «ማን ጠየቀህ፣ መምህር?» አሉ ሐጂ። ቁጣ የለበትም፣ ግራ የገባው ሰው ድምፅ ነው። ማንም አልጠየቀኝም አላቸው። «ልጅህ ናት እኮ» አሉ። አውቃለሁ አለ። «እንግዲህ እንመካከራለን፣ ኢንሻአላህ» አሉና ዘጉት። ይህን ካለ በኋላ የሚቀልለው መስሎት ነበር። አልቀለለውም። ጆሮው እንደጋለ፣ ስልኩን ይዞ መስጊዱ አዛን እስኪል ቆመ፤ ዚነት ወንበሮቹን ሁለት ሁለት እያነሳች ለጎረቤት ትመልስ ነበር፣ አግዘኝ አላለችውም።

በማግስቱ ሸክላ ተራ ሲደርስ ውዱ ድስቶቿን ደርድራ ተቀምጣ ነበር። ምንም ሳትል ምንጣፏን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት። ቆይታ «አገኟት?» አለችው። «ደህና ናት። ወገብዎን ጠይቃለች» አላት። ውዱ አንድ ድስት አንስታ አንድ ቦታውን ብቻ ደጋግማ ስትወለውለው ቆየች። በድረዲን አጠገብ ከእንስራዎቹ በፊት ለልምምድ የሠራቸው ሦስት ትናንሽ ድስቶችና አንድ ጠመም ያለ ገንቦ ነበሩ። ገበያው ሞቋል፤ መቆሚያ እስኪጠፋ ሰው ይገፋፋል፣ በእነሱ ፊት ግን ሰው ሲያልፍ አንድ ክንድ ያህል ቦታ ትቶ ነው የሚያልፈው። የቀድሞ ተማሪዎቹ ሲያዩት ፈገግታ ይጀምራቸዋል፣ ከዚያ አጠገቡ ያለችውን አይተው ዓይናቸውን ይሰብራሉ። አንድ አብሮት ያስተማረ ሰው በሌላ በኩል ዞሮ ሄደ። በድረዲን አንገቱን ደፍቶ እየቆጠረ ተቀመጠ፤ ፀዲ በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ከመስከረም እስከ ገና ስንት ቀን ይሆናል እያለ።

ስድስት ሰዓት ላይ ነሲባ መጣች። ከመድኃኒት ቤት በቀጥታ ስለመጣች ነጩን ጋውን አላወለቀችም፤ ከሩቅ ነው ያያት፣ ሌላውም ሰው ከሩቅ ነው ያያት። ፊቷ አብጧል። ውዱን «እንደምን ዋሉ» አለቻት፤ ውዱ ግማሽ ብድግ ብላ ተቀበለቻት። ነሲባ ጋውኗን ሰብስባ አባቷ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ደውሎ ነበር» አለች፣ ወደ ገበያው እያየች። «ሽማግሌዎቹ ይቆይ ብለዋል።»

ይቆይ ማለት ምን እንደሆነ ሦስቱም ያውቃሉ። በድረዲን ወደ ልጁ መዞር ፈራ። «ነሲባዬ» አለ፣ የእጁን ጀርባ እያየ። እሷም አልዞረችም። አልተነሣችም ግን። ፀሐዩ አናታቸው ላይ ነው፤ የአህያ ገበያው አቧራ ወደ እነሱ ይመጣል። አንዲት ከታች ቀበሌ የመጣች ሴት ክንድ ያህሉን ርቀት ተሻግራ፣ ጎንበስ ብላ ድስቶቹን ታገላብጥ ጀመር።

ነሲባ በክርኗ ነካችው። «አባዬ፣ ሰው መጣ» አለችው። «ዕቃህን አሳይ እንጂ።»